በሁለት ፊደል የተሰወረ በሽታ፦ የመዥገርና የቲክ ሕመሞች አጠራር ሲዳሰስ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪም ደም መጣጩን መዥገርም ሆነ አንድ ልጅ ሳይፈልግ ደጋግሞ የሚያደርገውን የዓይን መርገብገብ «ቲክ» ብሎ ይጠራል። ድምፁ አንድ ነው። በጽሑፍ ግን የሁለቱ ፊደል ስለሚለያይ አንባቢ አይደናገርም። ቃሉ ወደ ግዕዝ ፊደል ሲሻገር ያ ልዩነት ይጠፋል፤ «ልጁ ቲክ አለበት» ሲባል ገላው ላይ ተባይ ተጣብቋል ማለት ይሁን ትከሻውን ይሰብቃል ማለት አይታወቅም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከዚህ መውጫ አለው። ለተባዩ መዥገር የሚል ሁሉም የሚያውቀው ስም ስላለን ቲክ የሚለውን ለነርቭ ሕመሙ ብቻ መተው ይበቃል። በዚህ ጽሑፍም እንዲሁ ይደረጋል።

የሚከብደው ከስሞቹ በስተጀርባ የተሰለፉት አሕጽሮተ ቃላት ናቸው። በላቦራቶሪ ወረቀት፣ በሪፈር ደብዳቤ፣ በሕክምና ካርድ ላይ ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ በሽተኛው ያንን ይዞ ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል፣ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል። በመዥገር ወለድ በሽታዎችና በቲክ ሕመሞች ዙሪያ ካሉት አሕጽሮቶች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ በሽታ ይሸከማሉ። በሽተኛን ለመጉዳት የሚበቃ ስሕተት ሊመጣ የሚችለውም ከዚሁ ነው። ምሳሌዎቹ ከቤታችን ይጀምራሉ።

ካርድ ላይ «አር.ኤፍ.» ተብሎ ቢገኝ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ግርሻ ነው። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ነድዶ ይተዋል፤ ዳንኩ ሲሉ ደግሞ ይመለሳል። የሚያመጣው ቦረሊያ የሚባል ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ሲሆን አንዱን ዓይነት ቅማል፣ ሌላውን ልል ቆዳ ያለው መዥገር ያስተላልፈዋል። በዚህ የተነሳ የቅማሉ «ኤል.ቢ.አር.ኤፍ.»፣ የመዥገሩ «ቲ.ቢ.አር.ኤፍ.» ይባላሉ። በኢትዮጵያ በተለይ ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ ማጠብ በሚቸግርበት የክረምት ወቅት ሲያሠቃይ የኖረው የቅማሉ ነው። ሁለተኛው አር.ኤፍ. ሩማቲክ ፊቨር ነው፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የልጆችን ጉሮሮ ካጠቃ በኋላ መገጣጠሚያንና የልብ በሮችን የሚጎዳው። ሦስተኛው ሩማቶይድ ፋክተር፣ ማለትም በመገጣጠሚያ ሕመም ጊዜ በደም ውስጥ የሚፈለግ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ራሱ በሽታ አይደለም።

ሦስቱም ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ባለበት ሰው ካርድ ላይ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። ግርሻ በአንድ መጠን ፀረ ባክቴሪያ ሊድን ይችላል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ የትኩሳት መናርና የደም ግፊት መውረድ ስለሚከተል በሽተኛው መጠበቅ አለበት። ሩማቲክ ፊቨር ያለበት ልጅ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ ይኖርበታል። አንዱን በሌላው ማንበብ ማለት የልብ ሕመምተኛን ልጅ ያለ መርፌ መተው፣ ወይም ግርሻ ያለበትን ሰው ያለ ክትትል ቤቱ መላክ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ላይ የቅማሉ ግርሻ ሲገኝ፣ በሽታውን ለአሥርት ዓመታት ባላዩ አገሮች ያሉ ሐኪሞች እንደገና ሊያስቡበት ግድ ሆነባቸው። በዚያ ሰዓት «ኤል.ቢ.» እና «ቲ.ቢ.» የሚሉት መነሻ ፊደላት ልዩነት ቀላል አልነበረም፤ ቅማል ከሆነ የአብሮ ተጓዡ ልብስ ሁሉ መታጠብ አለበት፣ መዥገር ከሆነ ፍለጋው ሌላ ነው።

ከግርሻ ይልቅ በከተማ ክሊኒኮቻችን የሚዘወተረው ግን «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ጥንድ ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ የሄደ ሰው ዊዳል እና ዌል-ፌሊክስ የሚባሉ ሁለት ምርመራዎች ይታዘዙለታል፤ በወረቀቱ ላይ «ኦ.ኤክስ.19» ከሚል ቀጥሎ ቁጥር ይጻፍና «ታይፈስ አለብህ» ይባላል። ይህ ምርመራ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ኤድመንድ ዌል እና አርተር ፌሊክስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያገኙት ነው። ምርመራው የታይፈስን ባክቴሪያ ራሱን አይፈልግም፤ የታይፈስ በሽተኛ ደም ፕሮቲየስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር በአጋጣሚ እንደሚጣበቅ በመታየቱ የተሠራ ነው። ኦ.ኤክስ.19 ይበልጥ ወደ ታይፈስ ቡድን፣ ኦ.ኤክስ.2 ወደ መዥገር ወለዱ የነጠብጣብ ትኩሳት ቡድን፣ ኦ.ኤክስ.ኬ. ደግሞ በእስያ ወደሚታወቀው ስክረብ ታይፈስ ይጠቁማሉ ይባላል። በተግባር ግን ይደባለቃሉ፤ በሽታው ያለበት ያመልጣቸዋል፣ የሌለበትን ይይዛሉ። በ«ኦ.ኤክስ.» ብቻ የታይፈስ ስም የተሰጠው ሰው ታይፈስ አለበት ለማለት አያስደፍርም፤ መዥገር ነክሶት እንደሆነም ማንም አልጠየቀው ይሆናል።

ታይፈስና መዥገር በአገራችን የተሳከሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ራይስ-ጉትፍሮይንድ የሰው ታይፈስ ተሕዋስ ከቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው ተገኘ ብለው ጻፉ። ጉዳዩ ዓለምን አነጋገረ፤ ታይፈስ ከሰውና ከቅማል ውጭ መደበቂያ አለው ማለት ነበርና። ሊያጣሩ ከተነሡት አንዱ ቪሊ ቡርግዶርፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ የታይፈሱን ተሕዋስ ፈልጎ አላገኘውም፤ ያገኘው የነጠብጣብ ትኩሳት ቡድን የሆነ ሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ከብቶቻችን ላይ በብዛት በሚታየውና ቀለማት ባለው ጀርባው በሚለየው የአምብሊዮማ መዥገር ውስጥ የነበረው ይህ ዘር ቆይቶ ራሱን የቻለ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዚምባብዌ ውስጥ ከሰው ላይ ተለየ፣ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም አገኘ። በ2009 የዘረመል ቅደም ተከተሉ ሲታተም ለጥናቱ የዋለው «ኢ.ኤስ.ኤፍ.-5» የተባለው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1966 ከኢትዮጵያ መዥገር የተወሰደ ነው።

በሽታው አሁን «ኤ.ቲ.ቢ.ኤፍ.» ይባላል፤ የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የንፍፊት ማበጥ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መዥገሩ የነከሰበት ቦታ ላይ የሚቀር ጥቁር ቅርፊት ምልክቶቹ ናቸው፤ ቅርፊቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ያድነዋል። በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ገንኖ የሚታየው ከደቡባዊ አፍሪካ ሳፋሪ የሚመለሰው አውሮፓዊ ጎብኚ ነው፤ ናሙናው የተገኘበት አገር ከብት አርቢ ግን ያንኑ ትኩሳት ይዞ ክሊኒክ ሲሄድ ታይፈስ ተብሎ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ልብስ አስወልቆ በጉልበት ጀርባ፣ በብብትና በጭን መሐል ጥቁር ቅርፊት መፈለግ ገንዘብ የሚጠይቅ ምርመራ አይደለም።

የሜዲትራኒያኑ ዘመዱ የነጠብጣብ ትኩሳት ደግሞ «ኤም.ኤስ.ኤፍ.» ወይም «ቢ.ኤፍ.» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ አገር የመጀመሪያው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት፣ ሁለተኛው ለወባ የሚታየው የደም ጠብታ ምርመራ ምሕጻር ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የዚሁ በሽታ የአካባቢው ዓይነት «አይ.ኤስ.ኤፍ.» ተብሎ ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ በሽታውን የውሻ መዥገር ያመጣል፣ ሲብስም ይገድላል።

ቡርግዶርፈርን ዓለም የሚያስታውሰው ግን በኢትዮጵያ ሥራው አይደለም። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት «ላይም» በተባለች ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1975 ልጆች በአንድነት መገጣጠሚያቸው ሲያብጥ ፖሊ መሪ የተባሉ እናት ለጤና ባለሥልጣናት ደጋግመው አመለከቱ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲው አለን ስቲር አጠኑት። ተሕዋሱን እ.ኤ.አ. በ1982 ይፋ ያደረገው ቡርግዶርፈር ነው፤ ስሙም ቦረሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። የግርሻው ባክቴሪያ የሥጋ ዘመድ ነው።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሚኒሶታ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በዚያች ከተማ ስም የተሰየመው የላይም በሽታ የጎረቤት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ግምት በአገሪቱ በየዓመቱ ወደ 476,000 ሰዎች ለላይም ሕክምና ያገኛሉ። የመጀመሪያው ምልክት «ኢ.ኤም.» ይባላል፤ ከንክሻው ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ብሎ በየቀኑ እየሰፋ የሚሄድ የቆዳ ክብ ነው። ይኸው «ኢ.ኤም.» ኤሪቴማ መልቲፎርሜ ለሚባል ፍጹም ሌላ የቆዳ ሕመምም ያገለግላል። ከዚህ የሚብሰው ግን የመማሪያ ሥዕሎቹ ጉዳይ ነው። «ቀይ ክብ» ተብሎ የሚታየው በነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቀይነቱ ላይታይ፣ ጠቆር ያለ ወይም የበለዘ ቦታ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጥቁር በሽተኞች የላይም በሽታ የሚታወቅላቸው ብዙ ጊዜ ወደ መገጣጠሚያና ወደ ነርቭ ከተዛመተ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን መስፋቱን ተመልከቱ፤ ዛሬ ጠርዙን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ ነገ ተሻግሮ እንደሆነ እዩ። ክቡ ካለ ሐኪም የደም ምርመራ ሳይጠብቅ ሊያክም ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደሙ ገና ፀረ እንግዳ አካል ስላላመረተ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላልና። «ደብሊው.ቢ.» ተብሎ የሚታዘዘው ዌስተርን ብሎት ለሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ የሚሆን ምርመራ ነው፤ ቀድሞ ለኤች.አይ.ቪ. ማረጋገጫ ይውል ስለነበር ስሙን የሚያውቁ ወገኖች ሊደነግጡ አይገባም።

ቨርጂኒያ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር ከነከሰች በኋላ አንዳንድ ሰው የቀይ ሥጋ አለርጂ ይይዘዋል። «ኤ.ጂ.ኤስ.» ይባላል፤ አልፋ-ጋል ሲንድሮም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ፕላትስ-ሚልስና ባልደረቦቻቸው ናቸው ጉዳዩን የገለጡት። አልፋ-ጋል በበሬ፣ በበግ፣ በፍየልና በሌሎች አጥቢዎች ሥጋ ውስጥ የሚገኝ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ ግን የሌለ ስኳር ነው። ሌላው የምግብ አለርጂ በደቂቃዎች ሲነሳ ይህ ከተመገቡ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይመጣል፤ ማታ ክትፎ የበላ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ገላው በሽፍታ ተውጦ፣ ሆዱን ቆርጦት ወይም ትንፋሽ አጥሮት ይነቃል። ዶሮና ዓሣ አይጎዱም፤ ቅቤና ወተት ግን አንዳንዱን ይጎዳሉ። የእኛን የአመጋገብ ሥርዓት ሳስብ ይህ ሕመም ሊደበቅ የሚችልበት መንገድ ይታየኛል። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ለ55 ቀናት ምንም ምልክት አያይም፤ በፋሲካ ሌሊት ሲታመም ደግሞ ሁሉም «ጾም ያደረ ሆድ ላይ ሥጋ ከብዶበት ነው» ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ከደገመ መዥገርን መጠየቅ ይገባል።

አውሮፓ ውስጥ አደገኛው አሕጽሮት «ቲ.ቢ.ኢ.» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቲቢ የሳንባ ነቀርሳ ስም ነው፤ ክሊኒክ «የቲ.ቢ.ኢ. ክትባት ውሰድ» ሲለው የልጅነት ክንዱ ላይ ያለውን የቢሲጂ ጠባሳ አሳይቶ «ወስጃለሁ» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ቲ.ቢ.ኢ. መዥገር ወለድ የአንጎል ብግነት ነው። ቫይረስ ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ አይነካውም፤ ለይቶ የሚያድነው መድኃኒት የለውም፣ የሚከላከለው ክትባት ግን አለ። በስዊድን የስቶክሆልም አካባቢ፣ በጀርመን ባቫሪያና ባደን-ቩርተምበርግ ዋነኛ የስጋት ቦታዎች ናቸው። ጀርመኖች ይህንኑ በሽታ «ኤፍ.ኤስ.ኤም.ኢ.» ስለሚሉት ከስቶክሆልም ወደ ሙኒክ የተዛወረ ሰው ሁለት የተለያዩ ክትባቶች ይመስሉታል፤ አንድ ናቸው። ይህ ክትባት ላይምን አይከላከልም፣ የተከተበ ሰውም ከጫካ ሲመለስ ገላውን መፈተሽ አይተውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በከብት ማጎሪያና በቄራ የሚሠሩ ወገኖቻችን «ሲ.ሲ.ኤች.ኤፍ.» የሚለውን ሊያውቁ ይገባል፤ በሃያሎማ መዥገርና በታረደ እንስሳ ደም የሚተላለፍ፣ የሚያደማ ትኩሳት ነው። መዥገርን ሲያደቅቁ እጅን በጓንት መሸፈን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ገላ ላይ የተጣበቀ መዥገር ሲገኝ ላምባ መቀባትም ሆነ በክብሪት መለብለብ ክልክል ነው፤ ቀጭን ወረንጦ ይዞ ከቆዳው አጠገብ ጨብጦ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል።

ወደ ቲክ ስንሻገር «አር.ኤፍ.» እንደገና ይጠብቀናል። ሩማቲክ ፊቨር አንዳንዴ መገጣጠሚያ ሳያሳብጥ ሲደንሃም ኮሪያ በሚባል እንቅስቃሴ ብቻ ይገለጣል፤ ልጁ እጅና ፊቱ አላርፍ ይለዋል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ጽሑፉ ይበላሻል። ላይ ላዩን ላየው ሰው ቲክ ይመስላል። ልዩነቱ ግን አለ። ቲክ ያው አንድ እንቅስቃሴ እየተደጋገመ የሚመጣ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት እንደ ማሳከክ ያለ ግፊት ይሰማል፣ ለጥቂት ጊዜም ሊታፈን ይችላል። ኮሪያ አይደጋገምም፣ ከቦታ ቦታ ይፈስሳል፣ አይታፈንም። በእኛ አገር የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣት ስለሚቀጥፍ፣ ቲክ ነው ተብሎ የተተወ ኮሪያ የልብ በር ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪሙ የልጁን ልብ ሳያዳምጥ «ቲክ» ብሎ መጻፍ የለበትም።

ቲክ መሆኑ ከታወቀ ሌላ የፊደል መንጋ ይመጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት እ.ኤ.አ. በ1885 ዘጠኝ በሽተኞችን ገልጾ ጻፈ፤ መምህሩ ሻርኮ ሕመሙን በስሙ ጠራው። አውሮፓውያን «ጂ.ቲ.ኤስ.»፣ አሜሪካውያን «ቲ.ኤስ.» ይሉታል። ቲ.ኤስ. ግን ሴት ልጆች በክሮሞዞም ጉድለት የሚወለዱበት ተርነር ሲንድሮምም ነው፤ በቆዳና በአንጎል ላይ ዕጢ የሚያበቅለው ቱበረስ ስክለሮሲስም እንዲሁ ይጻፋል። አንዳንድ ጽሑፎች ከዚህ ሸሽተው «ቲ.ዲ.» ይሉታል፤ የቱሬት ሕመም ለማለት። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ቲ.ዲ. በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ ማለት ነው፤ ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የሚያመጡት፣ ከንፈርንና ምላስን የሚያንቀሳቅስ፣ አንዳንዴ የማይለቅ ጉዳት። ሃሎፔሪዶል ደግሞ ለቱሬት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እንግዲህ በአንድ ልጅ ካርድ ላይ «ቲ.ዲ.» ተጽፎ ሲገኝ የመጣበት ሕመም ይሁን ሕክምናው ያደረሰበት ጉዳት በፊደሎቹ አይለይም። አንዱ መድኃኒት ያስጨምራል፣ ሌላው ያስቆማል።

አሕጽሮት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። «ዋይ.ጂ.ቲ.ኤስ.ኤስ.» እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ የዬል መለኪያ ሲሆን የቲኩን ብርታት ከ50፣ በኑሮ ላይ ያደረሰውን ጫና ለብቻው ከ50 ይቆጥራል። ሁለቱ መለየታቸው ወላጅን ያሳርፋል፤ ብዙ ቲክ ኖሮት በደስታ የሚማር ልጅ አለ፣ በጥቂት ቲክ ትምህርት ቤት የጠላም አለ። ሕክምና የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። «ሲ.ቢ.አይ.ቲ.» ደግሞ ያለ መድኃኒት የሚሰጥ ሥልጠና ነው፤ ልጁ ግፊቱ ሲመጣ አብሮ የማይሄድ ሌላ እንቅስቃሴ ማድረግን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የ126 ልጆች ጥናት ሥልጠናውን ካገኙት 52.5 በመቶ ሲሻሻሉ በንጽጽሩ ቡድን 18.5 በመቶ ብቻ ተሻሽለዋል። ከመድኃኒት በፊት ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። «ፓንዳስ» የሚባለው፣ ቲክን ከጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስ ጋር የሚያያይዘው የ1998 ሐሳብ ግን አሁንም ያከራክራል፤ በእሱ ስም ለወራት ፀረ ባክቴሪያ መስጠት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለ ቱሬት የተዛመተው ትልቁ ስሕተት ሁሉም ይሳደባል የሚለው ነው። ያለፈቃድ የብልግና ቃል የሚያመልጠው ከአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ ለሚበልጠው ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ አንገታቸውን ይወረውራሉ። ሕመሙ ቱሬት ለመባል ቢያንስ ሁለት የእንቅስቃሴና አንድ የድምፅ ቲክ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየትና ከ18 ዓመት በፊት መጀመር አለበት። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ዓመት ገደማ ይበረታና በወጣትነት ይቀንሳል። «አቁም!» እያሉ መቆጣት ቲኩን ያባብሰዋል። መንፈስ አድሮበት ነው በሚል የሚደርስበት ዱላና ማግለል ከሕመሙ የባሰ ቁስል ይተዋል።

በሁሉም ካርድ ላይ የሚታይ አንድ ምልክት ይቀራል፦ «አር/ኦ»። ከበሽታ ስም በፊት ሲጻፍ «ይህ ሊሆን ስለሚችል ይጣራ» ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን እንደ ተረጋገጠ ያነበዋል፤ «አር/ኦ ቲ.ኤስ.» የተጻፈበት ልጅ ምንም ሳይጣራ የቱሬት በሽተኛ ተብሎ ያድጋል።

ለሐኪሞቻችን የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። በአንድ ካርድ ላይ የበሽታውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጽፉ በሙሉ ጻፉት፤ በተለይ አር.ኤፍ.፣ ቲ.ኤስ.፣ ቲ.ዲ.፣ ኢ.ኤም. እና ቢ.ኤፍ. ብቻቸውን አይቁሙ። ሪፈር ስትልኩ ደግሞ ያለ ሙሉ ስም አትላኩ። በአማርኛ የጤና ጽሑፍ የምታዘጋጁም ቲ.ቢ.ኢ.ን ከቲቢ ለዩልን። ወረቀቱ በእጃችሁ ያለ አንባቢዎች ደግሞ ከክሊኒኩ ከመውጣታችሁ በፊት «ይህ በሙሉ ስሙ ምንድን ነው? ተረጋግጧል ወይስ ይጣራ ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በራሳችሁ እጅ በአማርኛ ከጎኑ ጻፉበት።